ኻሊድና የቅል ጥሩምባው

ሰኞ
ለካ አጥፊው እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ኻሊድ ፊቱን አጥቁሮ ከትምህርት ቤት መጣ። ለወላጆች በዓል የሰባተኛ ክፍል ልጆች ዋዛ ሊነፉ ነው፤ ከቅል የሚሠራውን ረጅሙን የበርታ ጥሩምባ። መምህሩ «እስከ ዓርብ ካልተስተካከልክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ» ብለውታል።
«ምን አጥፍተህ?»
«የሰው ተራ ላይ እነፋለሁ። ዜማውን በሙሉ ያስጠናኸኝ አንተ ነህ፣ አጎቴ! አሁን ዝም ማለት አቃተኝ።»
እውነት ነው። ዜማውን ሠርግ ቤት ሰምቼ በፉጨት ለቅሜዋለሁ። ራዲዮ መጠገንም የለመድኩት እንዲሁ፣ ያለ አስተማሪ ነው።

ማክሰኞ
ሱቄን ዘግቼ ልምምዳቸውን አየሁ። ጉድ ነው! እያንዳንዱ ዋዛ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሙሉው ዜማ ማንም ጋ የለም፤ እየተቀባበሉ ይሠሩታል። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ አሶሳ ተወልጄ፣ ይህን ሳላውቅ አረጀሁ።
መምህሩ የበርታ ሰው ናቸው። ዜማውን ያስጠናሁት እኔ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «እርስዎ አፉን አሠለጠኑ፤ እኔ የምፈልገው ጆሮውን ነው።»

ረቡዕ
ዘዴ መጣልኝ። እህቴ የድስት ክዳን፣ እኔ ባዶ ጀሪካን፣ ኻሊድ ጠርሙስ። ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ። እህቴ «አበድክ እንዴ?» ብላ ጀመረች፤ ኋላ ማን ያስቁማት!
የምቸኩለው እኔ ሆንኩ። «አጎቴ፣ ከመምታትህ በፊት እማዬን ስማት!» አለኝ ኻሊድ። ሆን ብዬ ደጋግሜ አበላሸሁ። የሚገርመው፣ እኔን ሲያርም እሱ ረጋ አለ። ሰው ሲያስተምር ነው እንዴ የሚማረው?

ሐሙስ
ዝናብ። ጀሪካኑ ተሰነጠቀ። እህቴ «ጀሪካን የምትገዛው አንተ ነህ» አለች። ልምምዱ በባልዲ ቀጠለ።

ዓርብ
ቦታው አልተነጠቀም! «ለጊዜው» ብለውታል መምህሩ። ለጊዜው ማለት ምን ማለት ነው? ኻሊድ እራት አልበላም አለ። እኔም የበላሁ አስመሰልኩ።

ቅዳሜ
የወላጆች በዓል ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም ብሎ ነበር። መሃል ላይ ከኻሊድ ቀጥሎ ያለው ልጅ እናቱን ከሰው መሃል አየና ሳቁ አመለጠው። ድምፁ ጎደለ፤ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆነ። የኻሊድ ጉንጭ ተነፋ። አለቀልን ብዬ የእህቴን ክንድ ጨበጥኩ።
አልነፋም። የጓደኛውን ቦታ ባዶውን ተወለትና በክርኑ ነካ አደረገው። በሚቀጥለው ዙር ልጁ ገባ።
ወደ ቤት ስንሄድ ላናድደው ብዬ «ጓደኛህ ሲጎድል ምነው አልሞላህለትም?» አልኩት።
«ከሞላሁበት በየት በኩል ይመለሳል?»