ሰባት ቀን የጎደለው

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ትከሻሽን የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው ፀጉርሽን የምታበጥሪው? ኮራስ እንዴት ናት? የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በቀሉ? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ ብቻ እንደ ቡድናችን አይደለም፤ እሱ ወደ ላይ ይወጣል።

የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው። አልፈርድብሽም። ከመጋቢት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ብነግርሽ ለራሴ ያዘንኩ ይመስልብኛል፣ ስለዚህ ይቅር። ደብዳቤ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ መሐል ላይ ጆሮዬ ላይ አትዘጊብኝም። ቀደሽ ብትጥዪው እንኳ እስኪያልቅ ድረስ ለብቻዬ አወራለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ባዶ ነው። ትናንት በሜዳችን የዓመቱን የመጨረሻ የቤዝቦል ጨዋታ ተሸንፈናል፤ ከመቶ ስልሳ ሁለቱ መቶ አራተኛ ሽንፈታችን ነው። ከመስኮቴ ሥር ሠራተኞቹ የክረምቱን ሸራ ሣሩ ላይ እየዘረጉ ነው። ባለፈው ሳምንት ፀጉሬን ስቆረጥ አስተካካዩ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ፦ «አንተ ተጫዋቹን ሁሉ ስትለዋውጥ ከረምክ፤ ራስህን ለምን አትለውጥም? ለነገሩ ማን ይወስድሃል» አለኝ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምላጩ አንገቴ ላይ ነበር፣ ምን ላድርግ።

አንቺ የምታውቂው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ክለቡ ገንዘብ አጠረው፣ ባለቤቱ አዘዘ፣ ወንድሜም ምክትል ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ እጁ ታስሮ ባሌን ምዕራብ ዳርቻ ወዳለ ሌላ ክለብ ላከው። ለዘመዶቻችንም እንዲህ እያልሽ እንደነገርሽልኝ ሰምቻለሁ። ተናደሽብኝ ሳለ እንኳ ስሜን ጠብቀሽልኛል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለፈው ክረምት የክለቡ ባለቤት ሚስተር ፕሬንቲስ ጠርተው የደመወዙ በጀት ከመቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዶላር ወደ ሰባ ይውረድ አሉን። ቡድኑ ፈርሶ ከወጣቶች ይገነባል፤ ለአራት ዓመት እንሸነፋለን፣ ከዚያ እናሸንፋለን። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ማን ይጠቅመናል፣ ማን አይጠቅመንም ግን ዛሬ ገበያ ያወጣል፣ ማን ከሁለቱም የለም ብዬ ስም ደረደርኩ። ባልሽ ሎውል ሠላሳ አምስት ሊሞላው ነው፣ ሦስት ዓመት የቀረው ውል አለው፣ በዓመት አሥራ ዘጠኝ ሚሊዮን። ስናሸንፍ እሱ ሜዳ ላይ አይኖርም። በሂሳቡ ስህተት የለም፤ ዛሬም ብሠራው ያው ነው የሚወጣው። ባልሽን «ገበያ ያወጣል» ከሚለው ሥር የጻፍኩት ግን ሌላ ሰው አይደለም።

ጥቂት ቀናት ዝም ብዬ ይዤው ስቆይ ሚስተር ፕሬንቲስ በስብሰባ መሐል «ምነው፣ አማችህ ሲሆን እጅህ ከበደ? የገና ሥጋ ይቀርብኛል ብለህ ነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው አጎነበሰ። በማግስቱ ስልክ መደወል ጀመርኩ።

አንድ ተጫዋች በታላቁ ሊግ አሥር ዓመት ከሞላውና የመጨረሻዎቹን አምስቱን በአንድ ክለብ ካሳለፈ ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ክለብ እንደማይዛወር ታውቂያለሽ። ቤቱን ከኮራ ትምህርት ቤት ማዶ የገዛችሁት ይህን ተማምናችሁ ነው። መስማት ለማይችሉ ልጆች ከዚህ ሌላ እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት ፈልጋችሁ አጥታችኋል፤ ልጅቷ ጓደኛ ያገኘችው፣ ልደቷ ላይ ሰው የመጣላት እዚያ ከገባች በኋላ እንደሆነ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። የዓመቱ አቆጣጠር ግን እንደ ቀን መቁጠሪያው አይደለም። መቶ ሰባ ሁለት ቀን ከቡድኑ ጋር የቆየ ሰው አንድ ዓመት ተቆጠረለት ማለት ነው። ባለፈው መጋቢት ሎውል በመዝገቡ ላይ የነበረው ዘጠኝ ዓመት ከመቶ ስልሳ አምስት ቀን ነው። ጨዋታው ተጀምሮ ሰባት ቀን ቢያልፍ ማንም አይነካውም ነበር።

ሰባቱ ቀን የቀረው የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነው። ያኔ በምድር ቤታችን ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ አንቺም «ይሄ ሰውዬ ዓርብ በመጣ ቁጥር የተጠበሰውን ዓሣ ጨርሶ በረሃብ ሊጨርሰን ነው» እያልሽ ትልቁን ቁራጭ ለሱ ትደብቂ ነበር። በዚያ ሰሞን ልምምድ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። ነገር ግን በመጀመሪያ ዓመቱ ሦስት ሳምንት ታችኛው ሊግ ከቆየ፣ ወቅቱ ከመቶ ሰባ ሁለቱ ቀን በሁለት ሳምንት ብቻ ስለሚበልጥ፣ ሰባት ቀን ይጎድለውና ዓመቱ ሙሉ አይባልለትም፤ ክለቡም አንድ ተጨማሪ ዓመት በርካሽ ያቆየዋል። በሙያችን የተለመደ ነገር ነው። ብቻ ለገንዘብ ነው ተብሎ አይጻፍም፤ ሰበብ ያስፈልጋል። «ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ኳስ ሲቀልብ ጓንቱ ገና ነው፤ ሦስት ሳምንት ይሥራበት» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ውሸት ነበር። እንደ እሱ እጁ የሚታዘዝለት ልጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ወጥ ቤት ገብቶ ወደ ታች እንደተላከ ሲነግርሽ አብረሽው ስታለቅሺ እኔ እዚያው ቆሜ «አይዞህ፣ ጓንትህን ሥራበት» አልኩት።

ሁለተኛውን ደግሞ ራስሽ ሰምተሻል። አዲሱን ውል ሊፈርም ሲል ወኪሉ ያለ ፈቃዱ እንዳይዛወር የሚል አንቀጽ ይግባ ብሎ ነበር። በናንተው ጠረጴዛ ላይ ኬክሽን እየበላሁ «ምን ያደርግልሃል? አሥር ዓመትህ ሲሞላ ሕጉ ራሱ ይሰጥህ የለም እንዴ? ለዚህ ብለህ ከባለቤቱ ጋር አትናቆር» አልኩት። አንቀጹን ተወው። ያን ጊዜ ክፉ ነገር አላሰብኩም፤ አሥር ዓመቱ በምን ቀን እንደሚሞላም አልቆጠርኩም ነበር።

ዝውውሩን የነገርኩት አሪዞና፣ ከውድድሩ በፊት የምናደርገው ልምምድ ባለቀበት ቀን ነው። ሁሉም ሻንጣውን ዘግቶ ለመክፈቻው ጨዋታ ወደ ቤት ለመብረር ይጠብቃል። ሎውል ለኮራ የገዛውን የቁልቋል ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት በጓንቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ቢሮዬ ገባ። ነገርኩት። «ስንት ቀን ቀርቶኝ ነበር?» አለኝ። ሰባት አልኩት። ከዚያ «እንዲያው ያ ጓንቴ እስከ ዛሬ አልተሻለውም ማለት ነው?» አለኝ።

እህቴ፣ የሪፖርቱን ነገር ደርሶበታል። ማን ነገረህ ስለው የታችኛው ሊግ አሠልጣኙ በሠርጋችሁ ዋዜማ ጠጥቶ ምስጢሩን እንዳወጣለት ነገረኝ። «በማግሥቱ እህትህን እጇን ይዘህ ልታመጣልኝ ነው፤ ምን ልልህ ነበር?» አለኝ። ለአንቺም አልነገረሽም። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «ያላት ወንድም አንድ ነው፤ እሱን ከወሰድኩባት ምን ይቀራታል ብዬ ነው» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ገና በመጣ ቁጥር ሥጋውን ቆርጦ አስቀድሞ ለኔ ሲያቀብለኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቢሰድበኝ፣ ጠረጴዛዬን ቢገለብጠው ይሻለኝ ነበር። አሻንጉሊቱን ከጓንቱ አውጥቶ ለኮራ አድርስልኝ ብሎኝ ወጣ።

በሱ ምትክ ሁለት ልጆች መጡልን። አንደኛው፣ ዮንደር የሚባለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኳስ ወርዋሪ፣ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አትታይም ነበር። በሰኔ ክንዱ ላይ ያለው ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ከከርሞ በፊት አይወረውርም፣ ያውም ከወረወረ። ሌላው ገና ልጅ ነው፣ ናፍቆት ያስለቅሰዋል ብለው ነገሩኝ። ከደመወዙ የተረፈው ገንዘብ ለወጣቶቹ ማሠልጠኛ ይውላል ተብሎ ነበር፤ ሚስተር ፕሬንቲስን መቼ ብላቸው «ረጋ በል እንጂ፣ ገና መሸነፋችንን መች ጠገብን» ይሉኛል። አራት ዓመት ያልኩት ዕቅድ ስድስት ሆኗል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስድስትም አላምነውም።

በመጪው ዓመት ሦስተኛውን ቤዝ የሚይዝልን አንድ ጎበዝ ልጅ ታችኛው ሊግ ላይ አድጎ ደርሷል። ትሑት ነው፣ ለእናቱ ቤት ሊሠራ ያስባል። እስከ ሚያዝያ ማለቂያ እዚያው ታች እንዲቆይ ተወስኗል። ሪፖርቱን ሰኞ ነው የማስረክበው።

እስካሁን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ሁለት ቦታ ዋሽቼሻለሁ። ወረቀቱን ከመቅደድ እዚሁ ላርመው። የአሥር ዓመቱ ቀን መቼ እንደሚሞላ አልቆጠርኩም ያልኩሽ ልክ አይደለም፤ ኬክሽን እየበላሁ ሳለ ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ያልጻፍኩት ነው። ሎውልን የወሰደው ክለብ አላጣደፈኝም። «እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ብንቆይም ግድ የለንም» ብለውኛል። ከመክፈቻው ቀን በፊት ካልሆነ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰባቱ ቀን ካለፈ ሎውልን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እሱን መጠየቅ ማለት ደግሞ ቤታችሁ መጥቶ አንቺ ፊት መጠየቅ ማለት ነው። ፈራሁሽ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብዙ ፈልጌ አጣሁ። ሎውልም ይህን ሳልነግረው ገብቶታል። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምልህ አታውቅም። አሁንማ እኔም አላውቅም» ነበር ያለኝ።

እሑድ አሻንጉሊቱን ይዤ መጥቼ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ በመኪናዬ ውስጥ ሲንከራተት ከርሟል። ግቢሽ ውስጥ የሽያጭ ምልክቱን ያየሁት ያኔ ነው። ማንም አልነገረኝም። ለብቻሽ ይህን ያህል ጊዜ እንደታገልሽ፣ ልጅቷ አባቷን በስልክ ቪዲዮ ብቻ እያየች እንደከረመች አውቃለሁ፤ ወደ እሱ መሄዳችሁ ትክክል ነው። አትሂጂ ልልሽ አፍ የለኝም። የትምህርት ቤቱ ዕዳ ግን የኔ ነው።

ደወሉን ስጫን የበሩ መብራት ብልጭ ሲልላት አይታ የከፈተችው ኮራ ናት። አንቺ ጓሮ ነበርሽ፣ አልጠራችሽም። ከኋላዋ ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። አሻንጉሊቱን ተቀበለችኝና አገላብጣ አይታ ብብቷ ሥር አደረገችው። በእጅ ቋንቋ የማውቃቸው ቃላት አሥር አይሞሉም፤ ስንት ጊዜ ተማር ብለሽኝ ነበር። ይቅርታ የሚለውን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ትክ ብላ አየችኝ። እንደገና ሞከርኩ። ያን ጊዜ ጠጋ ብላ እጄን ያዘች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ የጨበጥኩትን እጅ ደረቴ ላይ አድርጋ ቀስ አድርጋ ሁለቴ አዞረችው፣ ከዚያ ለቃኝ ለብቻዬ እንድሠራው ጠበቀች። ሠራሁት። ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያም በሩን ዘጋችው።

መንገዳችሁን የቀና፣ አዲሱን ደጃችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። ለልጅሽ እዚህ እንዳገኘችው ያለ ጓደኛ አይጥፋባት። ለሎውል ከኔ የሚባል ነገር የለም፤ ጤና ብቻ ይስጠው።

አንድ ያለሽ፣
ታላቅ ወንድምሽ