ለምርቃት ሲባል ስለተጠረጉት ሠላሳ ስምንት ትምህርቶች

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍትና የትምህርት ቴክኖሎጂ ማእከል ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ጸሐፊዎም፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን የሚሳሱላቸው ኮምፒውተሮችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንዳለሁ አለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ በመምህራን ትምህርት ክፍል የማስተማር ዘዴ መምህር፣ የሟቿ የንባብ መምህርት ባል ነኝ። ከእጅጌዋ ነጭ አቧራ የማይጠፋው፣ ሠልጣኞቹ «ጠመኔ» የሚሏት ሴት እሷ ነበረች፤ ካስታወሷት ማለቴ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሕመሙ ሲበረታባት፣ ድምፄ ሳይዘጋ ብላ፣ ልጆችን ንባብ ስለማስተማር ሠላሳ ስምንት ትምህርቶች በቪዲዮ ቀረጸች፤ በየሁለት ዐረፍተ ነገሩ እያረፈች፣ እኔም ውኃ እያቀበልኳት። ትምህርቶቹ በቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ክፍል ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ተጫኑ። እርስዎም ክፍሉ በክቡር እንግዳ ሳይመረቅ እግር እንዳይረግጠው ብለው ቁልፉን ኪስዎ ከተቱት። ዓመት ከአራት ወር ሠልጣኞቹ በላስቲክ የተሸፈኑትን ስክሪኖች በመስታወት ሲያዩ ከረሙ። እሷም አንድ ቀን ክንዴን ተደግፋ መጥታ አየችና፣ «የሸፈኑት ዕቃውን ነው እኔን?» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። በወሩ ቀበርኳት።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕናዎ። ምርቃቱ ሲደርስ ኮምፒውተሮቹ «እንደ አዲስ ይሁኑ» ብለው አዘዙ፤ በውስጣቸው የነበረው ሁሉ ተሰረዘ። ሌላ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ቢሮዎ መጥቼ ብጠይቅ፣ ቅጂ የሚጠየቀው በቅጽ እንደሆነ፣ ቅጹንም መፈረም ያለባት የሥራው ባለቤት ራሷ እንደሆነች በትዕግሥት አስረዱኝ። ሄጄ አስፈረምኳት ብል ያምኑኝ ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በምርቃቱ ማግስት ስለ መረጃ አጠባበቅ ለሰጡን የግማሽ ቀን ሥልጠናም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ የሆነውን ልንገርዎ። የማእከልዎ ቴክኒሻን ቀደም ሲል ድምፅ ማጉያ የሞከረባት የዘጠኝ ሰከንድ ቅንጣቢ በበሩ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳትሰረዝ ቀርታ ኖሮ፣ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር በራሷ ትጀምራለች። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት መጽሐፍ ልመልስ ስገባ ሚስቴ ከጀርባዬ፣ «ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል?» አለች። ከዚያ ሳሏ። ከዚያ ዝም። መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። መጽሐፍ የምታውሰው ልጅ መጀመሪያ አንገቷን ትደፋ ነበር፤ አሁን ስደርስ ማሽኑን አጥፍታ ትከፍትልኛለች። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ልድገመው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንቢ ማለት አቃተኝ። ድምፁ እስከ ክፍሌ ይከተለኛል፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር ሰው የሳለ እየመሰለኝ እዞራለሁ፤ ሠልጣኞቹም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ትናንት በለጠፉት ማስታወቂያ ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሲከፈቱ የእርስዎ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ብቻ እንደሚሰማ አነበብኩ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከቴክኒሻኑ ጋር ሆነን ዘጠኟን ሰከንድ ያለ ቅጽ ቀዳናት። እሱ ለእንጀራው ስለሰጋ ፍላሹን የሰካሁት እኔ ነኝ። ሌብነት ከሆነ፣ ሌባው እኔ ብቻ ነኝ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለቁልፍዎ ዝገት አልባ ዘመንን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የጠመኔ ባል

ማሳሰቢያ፦ ለልምምድ ትምህርት ቤት የወጣች አንዲት ሠልጣኝ፣ ፊደል እየለየ ቃል ማንበብ ግን የሚያቅተውን ልጅ ምን ላድርገው ስትል ጠይቃኛለች። መልሱ ሃያ አንደኛው ትምህርት ላይ ነበር፤ እኔ አላውቀውም። ወደ ቢሮዎ ልኬያታለሁና ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብቋት፤ ልጁንም ይዛው ትመጣለች።