ከግድግዳው ማዶ ያለችው መምህርት

ሐሙስ

ዛሬም ከግድግዳው ማዶ ሳቁ። እኔ እዚህ ጄኔቭ ዳር፣ ላንሲ፣ ለፈረንጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቀጥሎ ባለው ክፍል ራትና ኢንዶኔዥያኛ ታስተምራለች። ተማሪዬ ማርቲን እኔን ትቶ እሷ ጋ ገብቷል። በበሩ አጮልቄ አየሁ። ገበያ ዘርግታ ዋጋ ታከራክራቸዋለች። ዕቃ በቀኝ እጅ ይቀባበላሉ፤ በትልቅ ሰው ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ። እኛስ ይሄ የለንም? እኔ ግን ግስ ሳስረባ ከረምኩ። እኔን አልማዝ ይሉኛል፤ እሷን «ኢቡ»፣ እናት ማለት ነው አሉ። አንጀቴ አረረ።

ዓርብ

አስተባባሪያችን ደወለች። ዙሪክ አዲስ ክፍል ሊከፈት ነው፤ በጀቱ ግን ለአንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ነገ ሁለታችንም እዚያ ሄደን ናሙና ትምህርት እንሰጣለን። ቋሚ ሥራ! ዕድሜዬን በሰዓት ክፍያ ስሯሯጥ ጨረስኩ እኮ።

ልጄ ሐና፣ «እማ፣ አንቺም ገበያ ሥሪያ» አለችኝ። ራትናን ልኮርጅ? ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው እኛም ለቅሶ ቤት አለን።

ቅዳሜ

ባቡር ላይ ራትና አጠገቤ ተቀመጠች። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አካፈለችኝ። ይጣፍጣል፤ እሱም አናደደኝ።

ዙሪክ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር ደረስን። ክፍሉን ለቅሶ ቤት አድርጌ ፈረንጆቹን አስገባኋቸው፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ቁጭ ማለት ነው። አንዱ «ከዚያስ ምን ልበል?» አለ። ምንም፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ አልኩት። ወደዱት። ለራትና ግን ቆመው አጨበጨቡ።

አስተባባሪዋ እኔ ባለሁበት፣ «ራትና፣ ሥራው ያንቺ ነው፤ ትወስጂዋለሽ?» አለቻት። ራትና አንገቷን ደፍታ፣ «ኧረ ይቅርብኝ፣ አልማዝ ትሻላለች» አለች። ሴትዮዋ «እንደፈለግሽ» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ሳልግደረደር እሺ አልኩ።

ስንመለስ ራትና እስከ ጄኔቭ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። እንደኛው ናት። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ አይባልም፤ ሰው እስኪለመን ይጠብቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ ይሄ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። ዝም አልኩ።

እሁድ

ቸርች ሄጄ መጸለይ አቃተኝ። ለሐና ነገርኳት። «አልፈልግም ካለች አትፈልግም ነዋ» አለችኝ። እዚህ ተወልዳ ምን ታድርግ።

እዚህ አገር በእሁድ ለሥራ መደወል ነውር ነው። ደወልኩ። «ራትናን እንደገና ጠይቂያት፤ ደጋግመሽ ለምኛት» አልኳት። አስተባባሪዋ ግራ ገባት። «ታዲያ አንቺ ሥራውን አትፈልጊም?»

እፈልጋለሁ አልኩ። ነገ እጠይቃታለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። ተንበርክኬ የምለምነው ግን ራትና ነገም እምቢ እንድትል ነው፤ የነገው ደግሞ ከልቧ እንዲሆን።