መዘጋት የሌለበት ቀዳዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

የሆዴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ በየትኛው ወደብ እንደሚያገኝህ አላውቅም፤ ብቻ የትም ይሁን ደህና ሆነህ ይድረስህ። በስልክ ልነግርህ አስቤ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈራሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። አስቀድመህ ግን ይህን ያዝ፤ የሞተ ሰው የለም።

ሕንፃችንን ማደስ መጀመራችንን ነግሬሃለሁ። ብርድ በገባ ቁጥር ማሞቂያው ሲነድ ውሎ ሙቀቱ በመስኮት ስንጥቅና በጣሪያ ሲያመልጥ፣ ለካ ሰማዩን ነው ስናሞቅ የኖርነው። ዘንድሮ ነዋሪው ተሰብስቦ “እኛው እንሥራው” አለና እኔን ሰብሳቢ አደረገኝ። የከተማው መሐንዲስ እየመጣች ታሳየናለች፣ እኛ እንሠራለን። መስኮቱን ሁሉ በላስቲክ ጠረዝን፤ ጣሪያው ላይ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ንጣፍ አነጠፍን። እምቢ ያለ አንድ ሰው ነው፤ ምድር ቤት ያለው ጡረተኛ ሾፌር፣ አንተ “አቶ አይሆንም” የምትለው። “ቤት እንደ ሰው ነው፤ አፍና አፍንጫውን ከያዛችሁት ይሞታል” እያለ ሲያስፈራራን ከረመ።

አባትህማ ወጣት ሆኖልህ ነበር። የአናጢነት ቀበቶውን ታጥቆ ጣሪያ ላይ ይውላል። የጭስ መውጫውን በመዳፉ እየመታ “ሁሉን ድፈኑ፣ ይቺን ግን እንዳትነኩ! የየቤቱ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ የሚተነፍሰው በዚች ነው” እያለ ጎረቤቱን ያስተማረው እሱ ነው። ይህን ያዝልኝ።

ሥራው ባለቀ ማግስት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከበላያችን ያለችው የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፁ ጠፋ። ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛባት ሲንጣጣ ነው የሚውለው። ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። መልስ የለም። ውስጥ ውሃ ይፈሳል። “ልጇን እያጠበች ይሆናል” ብዬ ልመለስ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ጮህኩ። አቶ አይሆንም ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፤ በዚያ ዕድሜው በሩን በትከሻው ገነጠለው።

እናትየው መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ወድቃለች፤ ልጅቷ ከኋላዋ።

“ትተነፍሳለች?” አልኩት።

“እኔ እንጃ! እህቴ፣ አንቺ ልጅቷን ያዢ!” ብሎ እናትየዋን ተሸከመ።

ያን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አልነግርህም። ልጅቷ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥላለች። ደጅ ወጥተን ንፋስ ሲነካት አንዴ ሳል አደረጋት። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ በነጠላዬ ጠቀለልኳት።

አምቡላንስ ሁለቱንም ወሰዳቸው። መሐንዲሷ ደርሳ የሁላችንንም የውሃ ማሞቂያ አስጠፋችና ተያይዘን ጣሪያ ወጣን። የጭስ መውጫው አፍ በተረፈ ንጣፍ ተጠቅጥቆ፣ ከላይ በጣውላ ተመትቷል። መውጫ ያጣው የጋዝ ጭስ ወደ ቤት ተመልሷል፤ መርዝ ነው፣ ሽታ እንኳ የለውም። ጣውላውን አየሁት። ልክክ ብሎ የተገጠመ፣ አንድ ምስማር ያልጎበጠበት ሥራ። በዚህ ሕንፃ እንዲያ የሚመታ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው።

ቤት ገብቼ አባትህን ጠየቅኩት።

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አለኝ ደስ ብሎት። “ሙቀቱ በዚያ ሲወጣ አየሁና ደፈንኩት። ማንም አላስተዋለውም እኮ!”

“አትንኩ ያልከው አንተ አይደለህ?”

ትክ ብሎ አየኝ። “እኔ? መቼ?”

እሑድ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሰዉ እሳት ሆኗል። “የሠራነው በሙሉ ይፍረስ!” የሚል አለ፤ “መጀመሪያ የዘጋው ሰው ይውጣ!” የሚል አለ። በመጨረሻ አንዱ በአቶ አይሆንም ላይ ጣቱን ቀሰረ። “ሥራውን ሲጠላ የከረመው ማን ሆነና!” በሩን የገነጠለው ሰው እኮ ነው! ትከሻው በፋሻ ታስሯል። ፊቱ አመድ መሰለ። አባትህ ከጎኔ ተቀምጦ እንደ ሰዉ ሁሉ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ተነሣሁ።

“ባለቤቴ ነው የዘጋው” አልኩ። “ክፋት የለበትም። ድካም ነው።”

አባትህ እጄን ያዘና “ምን አጠፋሁ?” አለኝ በሹክሹክታ።

ያኔ አቶ አይሆንም ጉሮሮውን ጠረገ። “አይፈርስም” አለ። “ቀዳዳዋ ላይ የብረት ወንፊት ይገጠም። እሱም ጣሪያ መውጣት ሲያምረው እኔን ይጥራኝ፤ አብረን እንወጣለን።”

ሁሉም እንደ እሱ አልሆነም። የልብስ ሰፊዋ ወንድም ሰላምታዬን አይቀበልም። እሷ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች፤ የልጅቷ ራስ ምታት ገና አልተዋትም። ሾርባ ይዤ ሄድኩ፤ ሳህኑን ተቀበለችኝ፣ “ግቢ” ግን አላለችኝም። አልፈርድባትም። መሐንዲሷ በየቤቱ ጭስ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ እያስገጠመች ነው፤ ከልብስ ሰፊዋ ቤት የጀመርነው እኔ ስለለመንኩ ነው።

አባትህ ደህና ነው። ይበላል፣ ይስቃል። አንተም የሚጠይቅህ ካለ ድካም ነው በል። የእረፍትህን ቀን ማስቀደም ከቻልክ አስቀድመው፤ አስቸኳይ ሆኖ አይደለም፤ ብቻ አስቀድመው።

ማዕበሉ ይተኛልህ፣ የምትረግጠው ሁሉ ይጽናልህ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ።

እናትህ

ስትደውል አባትህ ካነሣው “እኔ ነኝ” ብለህ አትጀምር። “ልጅህ ነኝ፣ መርከብ ላይ የምሠራው” በለው። ጆሮው ትንሽ ከብዶት ነው።