የሰብስቤ ማተብ

ሶዶ፣ መስከረም ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ክረምቱስ አልከበደሽም? እኛ ለነፍሳችን አለን፤ ጣልያንም አለ፣ የዳሞታ ተራራ ብርድም አለ። የትምወርቅ በብዙ ናፍቆት ትስምሻለች።

ልጃችን ሰብስቤ ጣልያንን ሊወጋ ወደ ዶሎ ከዘመተ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። እናቱ የትምወርቅ በየማታው የራት ድርሻውን ከድና ታስቀምጥለታለች። ጠዋት ለጎረቤት ልጆች ትሰጥና ማታ እንደገና። እኔ እንደምታውቂኝ ዕድሜዬን በችሎት ጥብቅና የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ምስክር የሌለው ነገር አይዋጥልኝም። አንድ ቀን ተዝካሩን እናውጣ፣ የልጁን ነፍስ አናጉላላ ብላት፣ ሲሞት ያየ ሰው አምጣ አለችኝ። በሕይወት መኖሩንስ ማን አየ ብዬ ተቆጣሁ።

«አንተስ እግዚአብሔርን መቼ አየኸው?» አለችኝ።

ሰማዩ፣ ምድሩ፣ ዝናቡ ይመሰክራሉ አልኳት። «ዝናቡማ ሲዘንብ አየሁት፤ ያዘነበውን ግን እኔም አላየሁ፣ አንተም አላየህ። ያለ እሱ መኖር ስላቃተህ አመንክ፤ እኔም ያለ ልጄ መኖር አቅቶኝ ነው። ላንተ ሲሆን እምነት፣ ለእኔ ሲሆን እብደት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?» አትለኝ መሰለሽ!

ስንቱን ነገረኛ አፍ ያስያዝኩ ሰውዬ፣ የራሴን አፍ ይዤ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ምክንያቱም እታለም፣ እኔ ምስክር አለኝ።

አብሮት የዘመተው ጦና የሚባል የዚሁ አገር ልጅ ባለፈው ኅዳር ተደብቆ መጥቶ ነበር። በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረኝ። በክርስትናው ቀን አንቺ ያሰርሽለትን የብር መስቀልም አመጣልኝ። ልጅ ሳለ ነክሶ ያጎበጠው ጫፉ እንደጎበጠ ነው፤ ክሩ ግን ተበጥሷል። ጦናን ለማንም እንዳይተነፍስ አስምዬ ሸኘሁት፤ መስቀሉን በጨርቅ ጠቅልዬ ከጣሪያው ሣር ውስጥ ሸጎጥኩት። ምን ብዬ ላሳያት? በክርክር ብቻ ቀስ ብላ ትመን ብዬ ነበር፤ እኔ ጅሉ!

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልጄ ናፈቀኝና መስቀሉን ልዳስሰው አወጣሁት። እዚያው ቦታው፣ በዚያው ጨርቅ ነው። ግን ክር ገብቶበታል፤ አዲስ፣ ድርብ ሆኖ የተፈተለ ክር። በዚህ ቤት የሚፈትለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መልሼ ሸጎጥኩት።

ማታ እንደ ልማዷ ድርሻውን አወጣች። ደኅና አድርገሽ ክደኚው፣ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ይርበዋል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና እሺ አለች።

እንግዲህ የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ። እዚያ በደብራችሁ ከሙታን ጋር አስጠሪልኝ፤ አደራ። እዚህ በደኅና እንዲመልስልን እየጸለይን ነው። ሁለቱንም የሚሰማ አንድ አምላክ ነው፣ ካለ። የለም፣ አለ። ከሌለማ ይህን ሁሉ ለማን እነግራለሁ? ልቤ ተሰብሯል እታለም።

አምላክ ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። መልስ ስትጽፊ «ሰብስቤ ሲመጣ ጉንጩን ሳሙልኝ» የሚል ጨምሪበት። የትምወርቅ ደብዳቤሽ ሲነበብ ከጎኔ አትጠፋም።

ወንድምሽ፣
የሰብስቤ አባት