«ደህና ነን» ያልናቸው ዕለት

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጋሼስ ወገባቸውን ተሻላቸው? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ አድገው አስቸገሩሽ አይደል? እኔም እንደ ወጉ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ በጀመርኩ ነበር፤ ግን ይህች ቃል ጉድ ስለሠራችን አሁን አሁን እፈራታለሁ።

ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ቆዳ ፋብሪካ ታስታውሺው የለ? የመጣሽ ጊዜ አፍንጫሽን ይዘሽ ስንስቅብሽ የዋልነው። አሁን በአገሪቱ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛ ፋብሪካ ሊጨመርበት ነው። ከዚያ በፊት ግን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚባል ነገር አለ፤ ባለሙያዎች መጥተው ውሃውን፣ አየሩን፣ የሰዉን ጤና ያያሉ። ይመጣሉ ሲባል ሰፈሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሽር ጉድ አለ! ያንን ጥቁር ቦይ አፈር አለበስነው፣ መንገዱን ጠረግን፣ እኔም አላንስም ብዬ አዲስ መጋረጃ ሰቀልኩ። ባለሙያዋ ትሑት፣ ደስ የምትል ልጅ ናት። በየቤቱ እየገባች «ጤናችሁ እንዴት ነው?» ስትል ሁላችንም በአንድ አፍ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልናት። ለእንግዳ ማን ሕመሙን ይዘረግፋል? እሷም እንዳልነው ጻፈች።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ተነገረን፤ በነዋሪው ጤና ላይ የታየ ጉዳት የለም ተባለ። የአዲሱ ፋብሪካ ፍሳሽ በእኛው አጥር ሥር ሊያልፍ ነው። እትዬ፣ ልጄ ሚጣ ከክረምት ጀምሮ እግሯ ቆስሎ አልድን ብሏል፤ ትናንት ደግሞ ነስሯት ትራሷ በደም ርሶ አገኘሁት። ሐኪሙ ከዚያ ሰፈር አርቂያት አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ቅሬታ ያለው ሰኞ ስብሰባ ላይ ይናገር ተብሏል፤ እኔም እናገራለሁ አልኩ። ይህን የሰማው የፋብሪካው አለቃ ባለቤቴን ጠርቶ «ሚስትህን ምከር፤ ሥራህን ትወደው የለ?» አለው። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ በቀዳዳ አይቼ ነው የምከፍተው። ጎረቤቶቼ «ውሸታም ልታሰኚን ነው?» እያሉ ይሸሹኛል። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ብቻ አብሬሽ እቆማለሁ አለኝ፤ እሱም ይህን ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል። በዚህ እጅህማ ጢሙን የሚሰጥህ የለም እያልኩ እቀልድበታለሁ፣ የእኔን እጅ እንዳያይብኝ።

እና እትዬ፣ እምቢ እንዳትዪኝ። ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ ሾፌር ነገ ይደርስልሻል፤ እሑድ ደግሞ ባለቤቴ ሚጣን በአውቶቡስ ያመጣልሻል። እሷ እዚህ እያለች አፌን የምከፍትበት ወኔ የለኝም። ለጥቂት ቀን ነው ብያታለሁ፤ ምን ያህል እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ሳላስፈቅድ ልጅ ስልክባቸው ይቅር ይበሉኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ አልጋው ላይ ጠጋ ጠጋ ይበሉላት። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሚጣ ውሃ ሲሰጧት መጀመሪያ አሽትታ ነው የምትጠጣው፤ እማዬ ንቀት መስሏት እንዳትቆጣት ንገሪያት። እኔ ነኝ ያስለመድኳት።

ታናሽ እህትሽ
ከፋብሪካው ጀርባ
ኅዳር 14 ቀን