የተዋስኩት ምላስ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2
እንደ ወትሮው በርበሬ ተራ፣ ሱቄ ውስጥ። ሦስት ጆንያ ሸጥኩ፣ ሦስቱንም በምላሴ ቀምሼ ፈረድኩ። ከሰኞ ጀምሮ ግን አፌ እገዳ ላይ ነው። ለጉሮሮዬ ካንሰር ሠላሳ ሦስት ቀን ጨረር... ጸሎት የምትባለው ነርስ ቁጭ አድርጋ መከረችኝ። "እትዬ ሀፍሷ፣ አፍዎ ክፉኛ ከቆሰለ ሕክምናው ይቋረጣል። ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ፋታ ያገኛል። በርበሬ የሚባል ነገር አፍዎ እንዳይደርስ።" ምን እንደምሸጥ ስነግራት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ለብ ባለ ውሃ ጨውና ሶዳ በጥብጦ መጉመጥመጥ፣ በቀን ስድስቴ። አምስቱን ከሰላቴ ጋር አያያዝኩት። ስድስተኛውን ልጄ ማሂራ እየደወለች ታስፈጽመኛለች። "እማ፣ ተጉመጠመጥሽ?" መፋቂያዬን ቀምታ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ሰጠችኝ፣ ዝሆን የተሳለበት። በሃምሳ አራት ዓመቴ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ማን ይቅመስልኝ? ማሂራን ሁሉም ያቃጥላታል። ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በበርበሬዬ ላይ የማንንም ምላስ አምኜ አላውቅም። ጎረቤቴ ጠሀ፣ ጆንያ ሻጩ፣ "እኔ አለሁልሽ አይደል" ብሎ መጣ። ቀመሰ። ዓይኑ ቀላ።
"እንዴት ነው?"
"ደህና ነው።"
ሁለተኛውን ቀመሰ። እሱም ደህና ነው። ሁሉም ደህና... ለካ ማንበብ ያለብኝ ፊቱን ነው። አንድ ዓይኑ ካነባ ለወጥ፣ ሁለቱም ካነቡ ለአዋዜ። ደንበኞች በሳቅ ፈረሱ። እኔም፣ ጉሮሮዬ እያመመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26
ጉዴ ፈላ። ጠሀ ለዙህር ሰላት ሄዷል። የሰባተኛ ሰፈሯ ደንበኛዬ መጣች፣ እንደ ልማዷ ችኩል። "ያው የድሮው ነው?" ጣቴ ጆንያው ውስጥ፣ ከዚያ ምላሴ ላይ... ሠላሳ ዓመት የለመደ ጣት ማንን ያስፈቅዳል? አፌ ቀድሞም ቆስሎ ነበር፣ እሳት ሆነ። እንባዬ እየወረደ ውሃ ስጨልጥ ሴትዮዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ዘንድሮስ ያቃጥላል ማለት ነው፣ ሁለት ጆንያ ስጪኝ።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27
ዶክተሩ አፌን በባትሪ አየ። "እስከ ሰኞ ካልተሻለ ጨረሩን ለጊዜው እናቆማለን።"
ፈራሁ። መሞት አልፈልግም። ይኼን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 1
በየሰዓቱ መጉመጥመጥ ነው። ማሂራ ጨው ከቤት አለቀ አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ጨረሩ ይቀጥላል አለ ዶክተሩ። ይቀጥላል... ሲኒማ ራስ ከሚኒባስ ወርጄ እስከ ሱቅ ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ። አንዱ ተሸካሚ "እናቴ፣ እንተዋወቃለን?" አለኝ። አሁን ተዋወቅን አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18
ሠላሳ ሦስተኛው አለቀ። አንድም ቀን አልተቋረጠም። ምራቄ ደርቋል፣ ምላሴ ስኳርና አሸዋ አይለይም፣ ወራት ይፈጃል ብላኛለች ጸሎት። ይፍጅ። ደስታው ግን አናቴ ላይ ወጥቷል፣ መሬት አልረግጥም ብሏል እግሬ።
ሱቅ ስደርስ ጠሀ ሆዱን ይዞ ኩርምት ብሏል። ማሂራ መድኃኒት ይዛ ትቆጣዋለች። "እማ፣ ለካ ጨጓራ አለበት። ሐኪም በርበሬ ከከለከለው ሁለት ዓመቱ ነው።"
"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት በቀረችኝ ሹክሹክታ።
"ብነግርሽ ታስቀምሺኝ ነበር?"
ማሂራ ለእኔ ያቀዘቀዘችውን አጥሚት ለሁለት ቀዳሁና አንዱን ሰጠሁት። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠጣን። ማሂራን ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሰው አብዝተሽ ሥሪ አልኳት።